ያልነገርከኝ አለ?

ስልኩ ሲጠራ ባጃጅ ሥር ተጋድሜ ነበር። እጄ ግሪስ ስለነበር በክርኔ ነክቼ ድምፁን ከፈትኩት። የደወለችው ትርንጎ ናት፣ የጋሽ አለኸኝ ልጅ፤ ዳንግላ ታስተምራለች።

«ጋሽ ደሜ፣ አባየ ዐረፈ» አለችኝ።

«እግዜር ያጽናሽ» አልኳት፣ ከባጃጁ ሥር ሳልወጣ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ብድግ ይላል። እኔ ግን ከላዬ ያለው ብረት ፊቴን የሚሸፍንልኝ መስሎኝ እንደተኛሁ ቀረሁ።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ድንኳን አስተክላለሁ፣ የቀረ አባል እመዘግባለሁ፣ ቤተሰቡ ከፈለገ ደግሞ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። በዚህች ብዕሬ ስንቱን ሰካራም «ተጫዋችና ሰው ወዳድ»፣ ስንቱን ነገረኛ «ለእውነት የቆመ» ብዬ ሸኝቼዋለሁ። ትርንጎም ይህን ስለምታውቅ፣ «የሕይወት ታሪኩን አንተው ጻፍልን፤ አብራችሁ ሠርታችኋል» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የአሮፕላኑን ነገር እንዳታነሳው። መካኒክ ነበር በልና እለፈው። ቀብሩ ላይ ሰው በጋቢው አፉን ሸፍኖ እንዲስቅ አልፈልግም።»

«እሽ» አልኳት።

እንዳለችኝ አደረግኩ። የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ካፊያ እየመታኝ፣ «አቶ አለኸኝ በመካኒክነት ሙያ በተለያዩ ቦታዎች በትጋት አገልግለዋል» ብዬ አነበብኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው «በተለያዩ ቦታዎች» በምትል ቃል ተሸፍነው ተቀበሩ። ማንም አልሳቀም። ትርንጎ ከርቀት በዓይኗ አመሰገነችኝ። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ ፊቴን አዞርኩ፤ ምክንያቱም የአውሮፕላኑ ነገር ለዚህ ቤተሰብ የማይነሳ ነውር የሆነው በእኔ ነው። ይህን ደግሞ በሕይወት ካለ ሰው ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሽ አለኸኝ የተወለዱት ከቆሰበር ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው፤ አፋቸውን የፈቱትም በአዊኛ ነው። በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ሄደው፣ የሰብል መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ቤት በጠራጊነት ተቀጠሩ። ከመጥረግ ወደ ማጠብ፣ ከማጠብ ወደ መፍታት እያሉ በመጨረሻ ፈቃድ ያላቸው መካኒክ ሆኑ። ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከተማዋን እኛ እንጅባራ ስንል እሳቸው ቆሰበር ከማለት ንቅንቅ አላሉም።

ጋራዤ መጀመሪያ የመጡት ለውኃ ፓምፓቸው ቡሎን ፍለጋ ነው። ቡሎኑን ሰጠኋቸው፤ ግን አልሄዱም። ከአንገቱ የተዘረዘረ ቡናማ ሹራባቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የባጃጅ የኋላ ጎማ ስገጥም ቆመው ያዩኝ ጀመር።

«ያንን ዳዶ አጥብቀኸዋል?» አሉኝ።

«ሳላጠብቀው አልቀርም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አልጠበቀም» አሉና ጎንበስ ብለው ቁልፉን ከእጄ ወሰዱት። እውነትም አልጠበቀም ነበር። ተናድጄ እንደነበር አስታውሳለሁ። ደንበኛ ፊት ነውና ያዋረዱኝ መሰለኝ። በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ ግን በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያች በርጩማ የእሳቸው ሆነች።

ዳዶ ሲያጠብቁ በአዊኛ ይቆጥራሉ። ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ለምን በአዊኛ እንደሚቆጥሩ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«በእንግሊዝኛ ስቆጥር እሳሳታለሁ» አሉኝ። «በአማርኛ ስቆጥር አለቃየ የሚሰማኝ ይመስለኛል፤ ለእሱ ስል ቶሎ ቶሎ እላለሁ። በአዊኛ ስቆጥር ግን የምትሰማኝ እናቴ ናት። እሷን አልዋሻትም።»

አንድ ነጭ ጨርቅ ነበራቸው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡና ጨርቁን መሬት ላይ ያነጥፉታል። የሚፈቱትን ሁሉ በተፈታበት ተራ ይደረድሩበታል። ሥራው ሲያልቅ ጨርቁ ላይ አንዲት ቀለበት እንኳ ከቀረች ሁሉም እንደገና ይፈታል። ባጃጅ ሹፌሮቹ ይህን ሲያዩ «ሰውየው ባጃጅ ነው የሚሠሩት ወይስ ቀዶ ጥገና?» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የመጨረሻ ጥያቄያቸውን ነው። ሥራ ሲያልቅ አብሮ የሠራውን ሰው ያስቀምጡታል። እሳቸውም ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ፤ ፊቱን ግን አያዩትም። «ያልነገርከኝ አለ?» ይላሉ። «የለም» ሲባሉ ጨርቁን ያጥፋሉ። አጥፈው ሲጨርሱ ደግመው ይጠይቃሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ደብተር ያወጡና፣ እርሳሱን ከመጻፋቸው በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ይጠይቃሉ። ሦስተኛው «የለም» ሲመጣ «ያልተነገረ የለም» ብለው ጽፈው ይፈርማሉ።

«ሦስት ጊዜ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው ገና ሳልለምዳቸው።

«መጀመሪያ ሲጠየቅ ሰው በአፉ ልማድ ይመልሳል። ሁለተኛው ላይ ያስባል። እውነቱ ካለ የሚመጣው በሦስተኛው ነው» አሉኝ። ጨምረውም፣ «የነገረኝን ሰው ተቆጥቼ አላውቅም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ የአንዲት ባጃጅ ሞተር ገጥመን ስንጨርስ፣ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ፣ አንድ ቡሎን ጥርሱ አልቆ ሳለ አስገድጄ እንዳስገባሁት ነገርኳቸው። ጨርቁን መልሰው አነጠፉና አብረን ፈታን። ስንጨርስ ሻይ ጋበዙኝ። ይህን የምጽፈው፣ በኋላ ላደረግኩት ነገር ፈርቼ ነው የሚል ማመካኛ እንደሌለኝ እንዲታወቅ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ተምች በቆሎውን ወረረው። አንድ የግል ድርጅት አንዲት መርጫ አውሮፕላን ወደ ዳንግላ ላከ። ማረፊያዋ ከከተማው ወጣ ያለ፣ ሣር የለበሰ ሜዳ ነበር። የፈረስ ግጦሽ ስለነበር አውሮፕላኗ ልታርፍ ስትል ፈረሶቹን የሚያባርሩ ሁለት ሰዎች ተቀጥረው ነበር። ፈረሶቹ ቶሎ ለመዱ፤ ያልለመደው ጎማዋ ነው። ለደረቅ መሬት የተሠራ ቀጭን ጎማ ስለነበር መድኃኒት ተሸክማ ስትነሳም ስታርፍም እስከ ቸርኬዋ ትሰምጥ ነበር። ስለዚህ ሰፋፊ ጎማ ከነቸርኬው ታዘዘላት። ጎማው ሲሰፋና ሲከብድ የድሮው ፍሬን አይችለውም፤ ወፈር ያለ ዲስክና ጠንካራ ፍሬን አብሮ መጣ። ለውጡ የሚፈቀድበት ወረቀትም መጣ። በቅርብ ያለ፣ ፈቃድ ያለው መካኒክ ሲፈለግ ጋሽ አለኸኝ ተገኙ። እሳቸው ደግሞ ረዳት ይምረጡ ሲባሉ እኔን መረጡ።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ትዳር ይዣለሁ፣ ጋራዥ አለኝ። ያም ሆኖ ሚኒባስ ስጠብቅ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ወዴት እንደምሄድ ሳይጠይቀኝ እነግረው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላኗን በክሪክ አነሳናትና ጋሽ አለኸኝ የአብራሪው መቀመጫ ላይ አስቀመጡኝ። እግሬ ሥር ሁለት ፔዳል ነበር።

«መኪና ስትረግጥ አንድ ፍሬን ነው የምትረግጠው» አሉኝ። «እሷ ሁለት አላት። በቀኝ ጣትህ የቀኙን ጎማ፣ በግራህ የግራውን ትይዛለህ። አንዱ ፍሬን ሲከዳህ የሚገድልህ እሱ አይደለም። ያልከዳህ ነው የሚገድልህ፤ ወደ ራሱ ይጠመዝዝሃል። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

በሁለት ቀን የግራውን ጎማ አብረን ጨረስን። አሮጌውን ቸርኬ አወጣን፣ አዲሱን ዲስክ አሰርን፣ ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘውን የፍሬን ሸራ አስገባን። ዘይት መሙላት ላይ ስንደርስ ጋሽ አለኸኝ አንድ ጣሳ አወጡ። ዘይቱ ቀይ ነው። እኛ ባጃጅ ላይ የምናደርገው ቢጫ የፍሬን ዘይት ለዚች አውሮፕላን መርዝ እንደሆነ፣ ጎሚኒዋን፣ ማለትም ዘይቱን አፍኖ የሚይዘውን ላስቲክ፣ አሳብጦ እንደሚያበላሸው ነገሩኝ። አሞላሉም ከእኛ ይለያል። እኛ ከላይ ጨምረን ፔዳል እየረገጥን አየሩን በታች እናስወጣለን። እሳቸው ከታች፣ ከጎማው በኩል፣ በእጅ ፓምፕ ቀስ እያሉ ይገፉታል፤ አየሩ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ሲያደርጉ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆዩ። እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ይህን እኔ በአምስት ደቂቃ እጨርሰው ነበር እያልኩ በሆዴ አስብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቀኙን ጎማ ገጥመን ዘይቱ ብቻ ሲቀር ጋሽ አለኸኝ ከአዲስ አበባ የሚደወል ስልክ ነበራቸው። ሜዳው ላይ ኔትወርክ የለም፤ ለማግኘት ከዳር ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

«ቀይዋን ዘይት ከታች እየገፋህ ቆየኝ» አሉኝ። «ካለቀብህም ተዋት፤ ሌላ ጣሳ ነገ ይመጣል።»

ካለቀብህ ተዋት ብለውኛል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ ጠብቄ ፓምፑን አስቀመጥኩት። ሲመለሱ ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ ሊያገኙኝ ፈለግኩ። ዘይቱን ከላይ ጨመርኩና እንደ ባጃጅ ፔዳሏን ረገጥኩ። አየሩ አልወጣ አለኝ። ደግሜ ረገጥኩ። ቀዩ ዘይት በታች እየተረጨ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ደንግጬ ቶሎ ቶሎ በረገጥኩ ቁጥር የበለጠ ፈሰሰ። በመጨረሻ ፔዳሏ ጠንከር ስትል ጣሳው ባዶ ነበር፤ ከላይ ያለው የዘይት ዕቃ ደግሞ ገና አልሞላም። የጎደለው አንድ ስኒ ቢሆን ነው።

ከመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ የባጃጅ ፍሬን ዘይት አይጠፋም። አወጣሁና ሞላሁት። ሁለቱ ዘይቶች አልተዋሃዱም፤ ቢጫው ከቀዩ ሥር ሲገባ በዓይኔ አየሁት። አይቼ ክዳኑን ዘጋሁ። ሣሩ ላይ የፈሰሰውን በአፈር ሸፈንኩ፣ ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩ፣ እጄን ታጠብኩ።

ጋሽ አለኸኝ ከጉብታው ወርደው ፔዳሏን በእጃቸው ጫኑ። ጠንካራ ናት። ጨርቁን አዩ፤ ባዶ ነው። ተቀመጡና እኔንም አስቀመጡኝ።

«ያልነገርከኝ አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

ጨርቁን አጠፉ። የተጣጠፈውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዳበሱት። «ያልነገርከኝ አለ?»

ማሰቢያዬ እዚህ ላይ ነበር። አሰብኩም። ከነገርኳቸው ሁሉም ይፈታል፣ ዘይቱ እስኪመጣ አንድ ቀን ይባክናል፣ የግራውን በትዕግሥት የሠሩ ሰው የቀኙን እንዴት እንዳበላሸሁት ያያሉ። እንደማይቆጡኝ አውቃለሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የከበደኝ ዝም ብለው ጨርቁን መልሰው ሲያነጥፉት ማየት ነው።

«የለም» አልኩ።

እርሳሱን አወጡ። «ያልነገርከኝ አለ?»

«ኧረ የለም፣ ጋሼ። ምን ይኖራል?» ብዬ ሳቅኩ።

ጻፉና ፈረሙ።

አራት ቀን ደህና በረረች። ፍሬኑን እየተከታተልን እዚያው ሜዳ ላይ ሰነበትን። እኔም አንድ ስኒ ዘይት ምን ያመጣል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጣሪያዋ ላይ ፀሐይ እያብረቀረቀ መጥታ አረፈች፤ አዲሶቹ ጎማዎች ጭቃው ላይ ሸርተት ሳይሉ ተንደረደረች። ከዚያ ድንገት ወደ ግራ ተጠማዘዘችና ከሜዳው ዳር ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገባች። ፕሮፔለሯ መሬት ሲመታ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ፈረሶቹ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሮጡ።

ጋሽ አለኸኝ በዚያ ዕድሜያቸው ከእኔ ቀድመው ደረሱ። አብራሪውን ሁለታችን ጎትተን አወጣነው። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ነበር። «ቀኙ ባዶ ነው» ይል ነበር ደጋግሞ፣ «ስረግጠው ባዶ ነው።» እሱ ዳነ። አውሮፕላኗ ግን ያን ክረምት አልተነሳችም፤ ተምቹም የተረፈውን በቆሎ በላ።

በሦስተኛው ቀን ሊመረምሩ ሁለት ሰዎች መጡ። ጋሽ አለኸኝ ነጩን ጨርቅ አንጥፈው የቀኙን ፍሬን በራሳቸው እጅ ፈቱላቸው። ጎሚኒው አብጦ፣ ለስልሶ፣ ቅርጹ ጠፍቶ ወጣ። ዘይቱን በጣቶቻቸው መሐል አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። እኔ ከጀርባቸው ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜአለሁ። ዞረው አላዩኝም።

«ይኼ የመኪና ፍሬን ዘይት ነው» አለ አንደኛው ሰውዬ። «ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

«እርስዎ? ሠላሳ ዓመት ሠርተው ዘይት መለየት ያቅትዎታል?»

«ዓይኔ ደክሟል። ጣሳው ተምታቶብኝ ይሆናል። ፊርማው የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ። የሚቀረኝ አፌን መክፈት ብቻ ነበር። ሦስት እርምጃ ነው። እግሬን አየሁት፤ ጫማዬ ላይ የደረቀ ቀይ ዘይት ነበረ። ሣሩ ላይ ፈተግኩት።

ፈቃዳቸው ተወሰደ። ወደ እንጅባራ የተመለስነው በአንድ ሚኒባስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። መነኻሪያው ላይ ወርደን ልንለያይ ስንል ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ «ያልነገርከኝ አለ፣ ደሜ?» አሉኝ።

«የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነው የገባው። ጡረተኛው መካኒክ ባጃጅ ዘይት ሞልተው አውሮፕላን ገደል ከተቱ ተባለ። ቦዩ ገደል ሆነ፣ የተሰበረው ትከሻ ሊሞት የነበረ ሰው ሆነ። ባጃጅ ሹፌሮቹ «ጋሽ ፍሬን» የሚል ስም አወጡላቸው። በመንገድ ሲያልፉ አንዱ ጥሩምባ ነፍቶ፣ «ጋሽ ፍሬን፣ ዘይት ይዩልኝ» ይላቸዋል። እሳቸው ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ።

አንድ ቅዳሜ ጋራዤ በር ላይ አንድ ሹፌር ይህንኑ ሲላቸው በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ካልሳቅኩ የሚጠረጥሩኝ መሰለኝ። ጋሽ አለኸኝ ሌሎቹን አላዩም፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ገብተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሰባት ዓመት ካፈርኩባቸው ነገሮች ሁሉ ከዚያች ሳቅ የሚበልጥብኝ የለም። ዘይቱን ያፈሰስኩት በችኮላ ነው፤ ሳቁን ግን መርጬ ነው የሳቅኩት።

መምጣታቸውን አላቆሙም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ ብርዱ፣ መንገድ ተዘጋ ተከፈተ እናወራለን። ሊሄዱ ሲነሱ ያቺን ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔም «የለም» እላለሁ። በሆዴ ግን ሰውየው ልማድ ሆኖባቸው ነው፣ ዘይቱንም በእርግጥ እሳቸው ያምታቱት መስሏቸዋል፣ አርጅተዋል እል ነበር። እንዲህ ብዬ ካላመንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ቀን እዚያው በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ መደርደሪያ ላይ ካለ ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸችውን ደቃቅ ቁጥር ያለ መነጽር አነበቡልኝ። እኔ ቀርቤም አልታየኝ ብሎ ነበር። ደክሟል ያሉት ዓይን ያ ነው። ወዲያው ወሬ ቀየርኩ።

ሲታመሙ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ሆነው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ያኔም የሳሙና ሽታ ነበረው። ጥያቄዋን ሲጠይቁኝ «የለም» ማለት እንኳ አቃተኝና፣ «አይድከሙ፣ ጋሼ፣ አርፈው ይተኙ» ብዬ ብርድ ልብሱን አለበስኳቸው። በዚያ ሳምንት ነው ያረፉት።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ትርንጎ ጋራዤ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። በፌስታል ነጩን ጨርቅና ደብተሩን ይዛለች።

«ለደሜ ስጡት ብሎ ነበር» አለችኝ። «እኔ አልከፈትኩትም። የአሮፕላን ነገር ነው፤ ማየት አልፈልግም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ደብተሩን ቆሜ ገለጥኩት። ገጹ ሁሉ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ የተሠራው ሥራ፣ የሠራው ሰው ስም፣ መጨረሻው ላይ «ያልተነገረ የለም»። የዳንግላውን ገጽ አገኘሁት። የግራ ጎማ፣ ያልተነገረ የለም። የቀኝ ጎማ፣ ደመቀ። ከሥሩ የነበረው ቃል በላጲስ ተፍቋል። በምትኩ «ይነግረኛል» የሚል ተጽፏል። እርሳሱ በደበዘዘ ቁጥር በላዩ ላይ ደግመው ደጋግመው ስለጻፉበት ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል።

ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ እሳቸው ያመንኩት ሁሉ እዚያው እጄ ላይ አለቀ።

«ትርንጎ» አልኳት፣ «ያንን ዘይት የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ፓምፑን እንዳስቀመጥኩ፣ ቢጫው ከቀዩ ሥር ሲገባ እንዳየሁ፣ ሦስት ጊዜ ተጠይቄ ሦስት ጊዜ እንደዋሸሁ፣ ሦስት እርምጃ ርቄ ዝም እንዳልኩ። ደብተሩን ሰጠኋት። ያችን ቃል አነበበች፤ በጣቷ ነካቻት። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

«አባየ ያውቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ሲያከብር ‹ስለ አሮፕላን ልንገራቸው?› ብሎ ለመነኝ። አይሆንም አልኩት። ሰው እንዳይስቅብኝ። ተማሪዎቼ አባትሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ ገበሬ ነው እል ነበር። ሰባት ዓመት በአባቴ አፍሬአለሁ፣ ጋሽ ደሜ። እሱም ዐውቆ ዝም አለኝ።»

እኔ የበደልኩት አንድ ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

«አርባው ላይ ድንኳን ይጣላል» አለች። «የሕይወት ታሪኩን እንደገና ትጽፈዋለህ። ሠላሳ ዓመት የት እንደሠራ፣ ምን እንደሠራ። የቀኙን ጎማ ማን እንደሞላው ጭምር። ሹፌሮቹም ይጠሩ። ቆመህ ታነበዋለህ።»

«አነበዋለሁ።»

ነጩን ጨርቅ ከፌስታሉ አወጣች። ተጨማዶ ስለነበር ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ማጠፍ ጀመረች።

«እቤትም እንዲህ ነበር የሚጠይቀን» አለች፣ ፊቴን ሳታይ። «ያልነገርከኝ አለ?»

«የለም» አልኳት። አፌ ነው የመለሰው።

ጨርቁን አጥፋ ጨረሰች። «ያልነገርከኝ አለ?»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ። እሷ ሦስተኛውን ለመጠየቅ አልቸኮለችም፤ መዳፏን ጨርቁ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ያልነገርከኝ አለ፣ ጋሽ ደሜ?»

«አለ» አልኳት። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ጋራዤ በር ላይ የሳቅኩትን ነገርኳት።